ሁለት ቦታ ያደረ ደብዳቤ

በሁለቱም ጫፎቹ ባለ 25 ፒን መሰኪያ የተገጠመለት፣ ዕድሜ ያደነደነው ወፍራም ኬብል ዛሬ ከዕቃ ቤት ጥግ ተስቦ ሲወጣ ለምን ያገለግል እንደነበር የሚያውቅ ወጣት እምብዛም አይገኝም፤ በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ ግን (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በቤት የሚቀመጠውን ኮምፒዩተር ከላፕቶፕ ጋር አገናኝቶ የተከማቸ ኢሜይልን ከአንዱ ወደ ሌላው ለማሻገር ከነበሩት ጥቂት መንገዶች አንዱ ይኸው ኬብል ነበር። ከእርሱ ጋር ተያይዞ የሚመጣው የአንድ ዘመን የሥራ ጠረጴዛ ነው፦ ለሰዓታት በርቶ የቆየ ባለ መስታወት ስክሪን የሚሰጠው የጋለ አቧራ ሽታ፣ መብራቱ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ቀጭ የሚለው ስታቢላይዘር፣ ሥራ ሲያበቃ ስክሪኑ ተመልሶ የሚለብሰው ነጭ ዳንቴል፣ ከአጠገቡም ከቤቱ ስልክ ጋር አንድ መስመር የሚጋራው ሞደም።

ሞደም የኮምፒዩተርን መረጃ የስልክ መስመር ሊሸከመው ወደሚችል ድምፅ የሚለውጥ፣ ከወዲያኛው ጫፍ የመጣውን ድምፅም መልሶ መረጃ የሚያደርግ መሣሪያ ሲሆን፣ በእርሱ ምክንያት የዚያ ዘመን ሰው ኢንተርኔትን ከማየቱ በፊት ይሰማው ነበር። መጀመሪያ ቁጥሩ ሲደወል ይሰማል፤ ቀጥሎ ሁለቱ ሞደሞች የሚግባቡበትን ፍጥነት የሚደራደሩበት ጩኸትና ፉጨት ይመጣል፤ በመጨረሻ ጸጥ ይላል፤ ጸጥታውም መስመሩ መያዙን ያበስራል። ጆሮው የለመደ ሰው ከፉጨቱ አኳኋን ብቻ መስመሩ ዛሬ ይሮጥ ወይም ይንቀራፈፍ እንደሆነ ይገምት ነበር። የቤቱ ስልክ በዚህ ሁሉ ጊዜ ስለሚያዝ «አሁንም አልጨረስሽም? እህትሽ ትደውል ይሆናል እኮ፣ ልቀቂው!» የሚለው የእናት ድምፅ ከሳሎን መምጣቱ የማይቀር ነበር፤ ልጅቱም «አንድ ብቻ ቀረኝ እማዬ» ብላ ትመልሳለች፤ የምትለው አንድ ደብዳቤ ደግሞ ፎቶግራፍ ያዘለ እንደሆነ ሩብ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። የሞደሙ ፍጥነት በሰከንድ 33.6 ኪሎቢት ሲሆን አንድ ሜጋባይት መረጃ ለማውረድ ከ4 ደቂቃ በላይ ያስፈልጋል፤ ከኢሜይል ጋር ተያይዞ የሚላክ ፎቶግራፍ ደግሞ ለጉዞ እንዲመች ወደ ተራ ፊደላት ሲለወጥ መጠኑ በአንድ ሦስተኛ ያህል ይጨምራል።

ማመሳሰል የሚባለው በሁለት ወይም ከዚያ በላይ በሆኑ መሣሪያዎች ላይ የሚገኝ የደብዳቤ ክምችት በይዘቱም በሁኔታውም አንድ ሆኖ እንዲገኝ የማድረግ ተግባር ነው፤ በይዘት ሲባል በአንዱ ያለው ደብዳቤ በሌላውም መኖሩ፣ በሁኔታ ሲባል ደግሞ የተነበበው እንደተነበበ፣ መልስ የተሰጠው መልስ እንደተሰጠው፣ የተሰረዘውም እንደተሰረዘ በሁለቱም ላይ መታወቁ ነው። ዛሬ ይህ ሥራ የሚያስተውለው ሰው ሳይኖር በየሰከንዱ ይፈጸማል። በዚያ ዘመን ግን ያንን ሥራ የሚሠራ መሣሪያ ስላልነበረ፣ ወይም ቢኖርም ለብዙው ተጠቃሚ ስላልደረሰ፣ የሚያመሳስለው ባለቤቱ ራሱ ነበር፤ ሥራውም ማስታወስን፣ መቁጠርንና አዘውትሮ መጠራጠርን የሚጠይቅ ነበር።

በኢትዮጵያ የኢሜይል ልማድ ከኢንተርኔት ቀድሞ የገባ መሆኑ የዚህን የማመሳሰል ሥራ ጠባይ ለመረዳት ይረዳል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ የተባለ የመረጃ ሥርዓት፣ ቶም ጄኒንግስ በ1984 በአሜሪካ በጀመረው የፋይዶኔት ቴክኖሎጂ እየተጠቀመ ለተመራማሪዎችና ለድርጅቶች ደብዳቤ ያቀባብል ነበር። ፋይዶኔት ደብዳቤዎችን አጠራቅሞ፣ ጠቅልሎ፣ በቀጠሮ በሚደረግ የስልክ ጥሪ ባንድ ጊዜ የሚልክና የሚቀበል ዘዴ ስለነበር፣ ተጠቃሚዎቹ ገና ከጅምሩ ኢሜይልን እንደ ጥቅል እንጂ እንደ ጅረት አላወቁትም። በ1997 የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን የኢንተርኔት አገልግሎት ሲጀምርና «ቴሌኮም ዶት ኔት ዶት ኢቲ» በሚል የሚያበቃው አድራሻ በቪዚት ካርዶች ላይ መታየት ሲጀምርም ልማዱ አልተለወጠም፦ ይደወላል፣ ይወረዳል፣ ይዘጋል። እርግጥ ነው፣ በቤቱ ኮምፒዩተር በእጁም ላፕቶፕ የነበረው ሰው ጥቂት ነው፤ ብዙው ሕዝብ ኢሜይሉን የሚከፍተው በኢንተርኔት ካፌ ነበር። ሁለቱንም ይዞ ሁለቱን የማስማማት ጣጣ የወደቀበት የዩኒቨርሲቲ መምህሩ፣ የእርዳታ ድርጅት ባልደረባው፣ የውጭ አገር ጋዜጦች ወኪሉ፣ ከዋሽንግተን ወይም ከስቶክሆልም ላፕቶፑን አንግቦ ለክረምት የሚመጣው ዘመድ ነው።

የዚያን ዘመን የደብዳቤ አወራረድ የወሰነው ፖፕ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ፕሮቶኮል ነበር። ፕሮቶኮል ሁለት ኮምፒዩተሮች ለመነጋገር አስቀድመው የተስማሙበት የትእዛዝና የመልስ ሥርዓት ሲሆን፣ ፖፕ በመጀመሪያ መልኩ በ1984 ታትሞ፣ በ1988 ሦስተኛው ዕትሙ ወጥቶ፣ በ1996 ዛሬም የሚሠራበትን ቅርጽ ይዟል። አሠራሩ ቀላል ነው። ደብዳቤው ሰርቨር በሚባለው፣ ማለትም ለብዙ ሰዎች ደብዳቤ ተቀብሎ በሚያቆይ ማዕከላዊ ኮምፒዩተር ላይ ይጠብቃል፤ ባለቤቱ ይደውላል፣ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ይሰጣል፣ ያለውን ሁሉ ወደ ራሱ ማሽን ያወርዳል፣ ሰርቨሩም ያስረከበውን ይሰርዛል፤ ከዚያ በኋላ መስመሩ ይዘጋና ንባቡም መልስ መጻፉም ያለ ኢንተርኔት ይቀጥላል። የስልኩ ጥሪም የኢንተርኔቱ አገልግሎትም በቆይታ በሚከፈልበት አገር ከዚህ የተሻለ ዘዴ ማሰብ ያስቸግራል፤ ሰው ምሽቱን ሙሉ ተረጋግቶ ይጽፍና የጻፈውን ሁሉ በጥቂት ደቂቃ ግንኙነት ልኮ ያድራል። የደብዳቤው አጻጻፍም በዚህ ይወሰን ነበር፤ የዚያ ጊዜ ኢሜይሎች ሰላምታቸው የተሟላ፣ ዜናቸው የተደራጀ፣ ስንብታቸውም የማይቸኩል ረጃጅም ጽሑፎች ነበሩ፤ የሚቀጥለው ግንኙነት ነገ ማታ ከሆነ ሐሳብን ቆራርጦ መላክ ትርጉም የለውምና።

የደብዳቤ ፕሮግራሞቹም ይህንኑ አስተሳሰብ ይዘው የተሠሩ ነበሩ። ስቲቭ ዶርነር በ1988 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የጻፈው ዩዶራ ስሙን ያገኘው በፖስታ ቤት ስለምትኖር ሴት አጭር ልቦለድ ከጻፈችው ከአሜሪካዊቷ ደራሲ ከዩዶራ ዌልቲ ነው፤ ከ1997 ጀምሮ ከኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ጋር ተጠቃልሎ ይመጣ የነበረው አውትሉክ ኤክስፕረስ ደግሞ ደብዳቤውን ሁሉ በቤቱ ማሽን ሃርድ ዲስክ ውስጥ፣ ተራ ተጠቃሚ በማይደርስበት ጥልቅ ፎልደር ያከማች ነበር። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ደብዳቤ መኖሪያ አለው፤ የት እንዳለ ቢጠየቅ ባለቤቱ በጣቱ የሚያመለክተው ሣጥን ነበር።

ላፕቶፕ የዚህን ሥርዓት መሠረት አናጋ። ፖፕ አንድ ሰው አንድ ማሽን እንዳለው ታሳቢ አድርጎ የተዘጋጀ ስለነበር፣ ባሕር ዳር ሆቴል ውስጥ በላፕቶፕ የወረደ ደብዳቤ ለአዲስ አበባው ኮምፒዩተር ከቶም እንዳልተላከ ይቆጠራል፤ ከጉዞ በፊት በቤት የወረደው ደግሞ በጉዞ ላይ ሲፈለግ አይገኝም። የስብሰባው ቀን ተለውጦ እንደሆነ፣ የአዘጋጁ ስልክ ስንት እንደነበር፣ ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ ተሰጥቶ ወይም ሳይሰጥ ቀርቶ እንደሆነ ለማወቅ ወደ ቤት ተደውሎ፣ ታናሽ ወንድም ኮምፒዩተሩን እንዲከፍት ተለምኖ፣ ደብዳቤው በስልክ የሚነበብበት ጊዜ ነበር፤ በእርግጥ ኢሜይልን ጮክ ብሎ በስልክ ማንበብ ዘመኑ ከፈጠራቸው ሥራዎች ሁሉ አስገራሚው ሳይሆን አይቀርም።

ከዚህ ችግር ለመውጣት ተጠቃሚዎች እርስ በርስ እየተማማሩ ያዳበሩት ሥርዓት ነበር። ከሁለቱ ማሽኖች አንዱ፣ ብዙውን ጊዜ የቤቱ፣ ዋና ተብሎ ይሾማል፤ እርሱ ደብዳቤውን አውርዶ ከሰርቨሩ ላይ እንዲሰርዝ ይፈቀድለታል። ላፕቶፑ ግን በፕሮግራሙ ውስጥ በምትገኝ ትንሽ ምልክት ማድረጊያ «የደብዳቤውን ቅጂ ሰርቨሩ ላይ ተው» ተብሎ ይታዘዛል፤ በዚህም ላፕቶፑ የወሰደውን ሁሉ ዋናው ማሽን በተራው ያገኘዋል። ላፕቶፑ ትናንት ያወረደውን ዛሬም እንዳያወርድ ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ደብዳቤ የማይደገም መለያ ይሰጣል፤ ፕሮግራሙም ያየውን መለያ እየመዘገበ አዲሱን ከአሮጌው ይለያል። ይህ የገቢውን ደብዳቤ ነገር ያቃልላል። የወጪው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከላፕቶፑ የተላከ መልስ ቅጂው የሚቀረው በላፕቶፑ «የተላኩ» ፎልደር ውስጥ ብቻ ስለሆነ፣ ጠንቃቃ ሰው በጉዞ ላይ ሆኖ በጻፈው ደብዳቤ ሁሉ ላይ ሌላው ተቀባይ በማያየው ስውር ግልባጭ የራሱን አድራሻ ያስገባል፤ ቤቱ ሲመለስም ከራሱ ለራሱ የመጡ ደብዳቤዎችን እየለቀመ ወደ ቦታቸው ይመልሳል። ለራስ ደብዳቤ መጻፍ በሌላ ጊዜ የብቸኝነት ምልክት ተደርጎ ይወሰድ ይሆናል፤ በዚያን ጊዜ ግን የሥርዓታማ ሰው መለያ ነበር። ግልባጩን መርሳት ደግሞ በሁሉም ላይ ይደርሳል፤ የተረሳበት ቀን የተጻፈው መልስ ከዚያ በኋላ የሚታወቀው ላፕቶፑ እስካለ ድረስ ብቻ ነው።

የተነበበውና ያልተነበበው፣ በፎልደር የተመደበው፣ የአድራሻ መዝገቡና ገና ያልተላከው ረቂቅ በዚህ ዘዴ አይሻገሩም ነበር። በላፕቶፑ ላይ ሳምንት ሙሉ የተነበበው ደብዳቤ በቤቱ ኮምፒዩተር ላይ በደማቅ ጽሑፍ እንደ አዲስ ተሰልፎ ይጠብቃል፤ ባለቤቱም የሚያውቀውን ሁሉ አንድ በአንድ እየከፈተ «አንብቤዋለሁ» ማለት ግዴታው ነበር።

ከዚህ ሁሉ የባሰው የመስመር መቋረጥ ያመጣው ጣጣ ነው፤ ምክንያቱም በፖፕ ሕግ ውስጥ ተደብቆ የሚገኝ፣ በመልካም መስመር ላይ ለሚሠራ ሰው ፈጽሞ የማይታይ አንቀጽ አለ። የደብዳቤ ፕሮግራሙ አንድን ደብዳቤ ካወረደ በኋላ «ሰርዝ» የሚል ትእዛዝ ሲሰጥ ሰርቨሩ ወዲያው አይሰርዝም፤ ለመሰረዝ ምልክት ያደርግበትና ፕሮግራሙ በሥርዓቱ ተሰናብቶ እስኪወጣ ይጠብቃል። ስንብቱ ሳይደርስ መስመሩ ከተቋረጠ ምልክቱ ሁሉ ይነሣል፤ አንድም ደብዳቤ አይሰረዝም። ሕጉ ጥበብ ያለበት ነው፤ በተቆረጠ ግንኙነት መሐል ደብዳቤ ከሁለቱም ወገን እንዳይጠፋ ይከላከላል። ነገር ግን ከ20 ደብዳቤ 19ኙን አውርዶ በመጨረሻው ላይ መስመር የተቋረጠበት ሰው ዳግመኛ ሲደውል 20ዎቹም እንደ አዲስ ይጠብቁታል፤ መለያ የመመዝገብ ልማድ የሌለው ፕሮግራም የያዘ እንደሆነ ሁሉንም ደግሞ ያወርዳል፤ ዝናባማ በሆነ የሐምሌ ምሽት ይህ ሦስትና አራት ጊዜ ሲደጋገም ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ይሆናል፤ አንዱ የሠርግ ጥሪ አራት ሆኖ ይገኛል። ከመሐል አንድ ትልቅ ፎቶግራፍ ያዘለ ደብዳቤ ካለ ደግሞ መስመሩ ሁልጊዜ እርሱ ላይ ሲደርስ ስለሚቋረጥ ከኋላው የተሰለፉት ሁሉ ይታገታሉ። በዚህ ምክንያት ለውጭ አገር ዘመድ የሚጻፍ ደብዳቤ መጨረሻ ላይ «እባካችሁ ፎቶውን አሳንሳችሁ ላኩ» የሚል ልመና ማስፈር የተለመደ ነበር።

ታዲያ ሰርቨሩን ትቶ የደብዳቤውን ክምችት ራሱን ለምን አይገለብጡትም ነበር የሚል ጥያቄ ይነሣል። ተሞክሯል። በኬብል፣ 1.44 ሜጋባይት በሚይዝ ፍሎፒ ዲስክ፣ አቅም ላለው 100 ሜጋባይት በሚይዝ ዚፕ ዲስክ ተሞክሯል፤ ዊንዶውስ 95 ራሱ በቤት ኮምፒዩተርና በላፕቶፕ መካከል የሚመላለሱ ፋይሎችን ለማስማማት የቦርሳ ሥዕል ያለው ልዩ ፎልደር ይዞ መጥቶ ነበር። ቦርሳው የሁለቱን ፋይሎች ቀን አመሳክሮ አዲሱን በአሮጌው ላይ ይገለብጣል፤ ለአንድ ጥናታዊ ጽሑፍ ወይም ለአንድ የሒሳብ ሠንጠረዥ ይህ በቂ ነው። ለኢሜይል ግን አይሆንም፤ አውትሉክ ኤክስፕረስ የአንድ ፎልደር ደብዳቤዎችን ሁሉ በአንድ ፋይል ውስጥ ስለሚያጭቅ፣ ከጉዞው ወዲህ በሁለቱም ማሽኖች ላይ ደብዳቤ ከገባ ሁለቱም ፋይሎች ተለውጠዋል፤ ከሁለት የተለወጡ ፋይሎች አንዱን መምረጥ ደግሞ የሌላውን ሳምንት መጣል ነው። ቦርሳው መምረጥ እንጂ ማዋሐድ አያውቅም። ችግሩ ከኮምፒዩተሩ ድክመት የመጣ አይደለም፤ የማመሳሰያው አሐድ በትክክል አለመመረጡ ነው፤ ዳንኤል በርንስታይን ያዘጋጀው ሜይልዲር የተባለው አቀማመጥ እያንዳንዱን ደብዳቤ ራሱን በቻለ ፋይል በማስቀመጡ ተራ የፋይል ማመሳሰያ እንኳ ሳይቸገር የሚያዋሕደው ክምችት አስገኝቷል፤ ሆኖም ይህ ዩኒክስ በተባለው ሥርዓተ ክወና የሚሠሩ ሰዎች ሀብት ሆኖ ቀረ እንጂ ወደ ተራው ሰው ጠረጴዛ አልደረሰም።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው አንድ ተጨማሪ መሰናክል ነበር። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የፊደላት ሰንጠረዥ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ሲሆን፣ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣ የአማርኛ ፎንት የተገኘው ደግሞ ኒያላን ይዞ በ2007 ለገበያ በቀረበው ቪስታ ነው። ከዚያ በፊት እንደ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ያሉ ሶፍትዌሮች የአማርኛውን ፊደል በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ በየራሳቸው አሰላለፍ ያስቀምጡት ነበር፤ 33ቱ ፊደላት በሰባት ተባዝተው 231 ስለሚሆኑ፣ በዚህም ላይ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ስለሚጨመሩ፣ 256 ቦታ ብቻ ባለው ፎንት ውስጥ ለማስገባት እያንዳንዱ አዘጋጅ የራሱን ብልሃት ተጠቅሟል። ስለዚህ ደብዳቤው በሰላም ከቤቱ ኮምፒዩተር ወደ ላፕቶፑ ቢሻገርም ፎንቱ አብሮ ካልተጫነ የሚታየው የተበታተነ የነጥብና የጭረት መንጋ ነበር። በዚህ የተማረረ ሁሉ አማርኛውን በላቲን ፊደል መጻፍ መረጠ፤ «ሴራ» በሚል ስም የታወቀው የአጻጻፍ ደንብ ለዚህ ጥንቁቅ ሥርዓት አበጅቶለት ነበር፤ ብዙው ሰው ግን ደንብም ሳይጠይቅ ጆሮው እንደመራው ጻፈ።

የነገሩ ምጸት ለዚህ ሁሉ መፍትሔው ቀድሞ መገኘቱ ነው። ማርክ ክሪስፒን በ1986 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው አይማፕ የተባለ ፕሮቶኮል ከሦስተኛው ፖፕ በሁለት ዓመት ይቀድማል፤ መሠረተ ሐሳቡም ደብዳቤው መኖሪያውን በሰርቨሩ ላይ አድርጎ፣ ባለቤቱ በየትኛውም ማሽን ተቀምጦ ያንኑ አንድ ክምችት እንዲያይና እንዲያስተካክል ማድረግ ነው። ክሪስፒን በ1994 ባወጣው ማብራሪያ የኢሜይል አጠቃቀምን በሦስት መደብ ከፍሎታል፦ ደብዳቤውን አውርዶ ከሰርቨሩ መለያየት፣ ሁልጊዜ ተገናኝቶ በሰርቨሩ ላይ መሥራት፣ ሦስተኛውም ቅጂ ይዞ ተለያይቶ ሠርቶ በኋላ ተገናኝቶ መስማማት። ላፕቶፑን አንግቦ ባሕር ዳር የወረደው ሰው የሚፈልገው ይህን ሦስተኛውን ነበር። ነገር ግን የሰርቨር ዲስክ ውድ በነበረበት ዘመን አገልግሎት ሰጪዎች የደንበኛው ደብዳቤ ቶሎ ተወስዶ ቦታው እንዲለቀቅ ይፈልጉ ነበር፤ የግንኙነት ደቂቃ ውድ በነበረበት አገር ደግሞ ደንበኛው ራሱ ለረጅም ጊዜ ተገናኝቶ ለመቆየት አቅም አልነበረውም። ስለዚህ ያ ሁሉ ስውር ግልባጭ፣ ያ ሁሉ ድግግሞሽና ያ ሁሉ ኬብል የዕውቀት ማነስ ሳይሆን የዋጋ ውጤት ነበር።

ዋጋው ሲወርድ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተለወጠ። በ2004 ጂሜይል ለአንድ ሰው 1 ጊጋባይት ቦታ በነጻ ሲሰጥ ሆትሜይል የሚሰጠው 2 ሜጋባይት ነበር፤ በ2007 ጂሜይል አይማፕን ሲጨምርና የእጅ ስልኮችም ያንኑ ቋንቋ ሲናገሩ የቤት ኮምፒዩተርና የላፕቶፕ ጠብ አበቃ። በአይማፕ ውስጥ «ታይቷል»፣ «ተመልሷል»፣ «ተሰርዟል» የሚሉ ምልክቶች ከደብዳቤው ጋር በሰርቨሩ ላይ ስለሚቀመጡ ሰው የሚያስታውሰው ነገር አልቀረም። ዛሬ አውቶቡስ ውስጥ በስልክ የተከፈተ ደብዳቤ ሰውየው ቢሮው ሳይደርስ በጠረጴዛው ኮምፒዩተር ላይ ተነብቦ ይጠብቀዋል።

በዚህ ጸሐፊ ግምት ግን ከምቾቱ ጋር አብሮ የሄደ፣ ሲሄድም ማንም ያልሸኘው ነገር አለ። ሁለቱ ማሽኖች አለመስማማታቸው ችግር ብቻ አልነበረም፤ ሳይታሰብ የተገኘ መጠባበቂያም ነበር። በቤቱ ኮምፒዩተር ላይ በንዴት የተሰረዘ ደብዳቤ በላፕቶፑ ላይ ሳይነካ ይቀር ነበር፤ ላፕቶፑ ቢሰረቅ የቤቱ ግማሹን ያህል ያስታውስ ነበር። የአውትሉክ ኤክስፕረስ ልግመኝነት እንኳ ጥቅም ነበረው፤ የተሰረዘ ደብዳቤ ከፎልደሩ ቢወጣም ፋይሉ ተጨምቆ ቦታው እስኪዘጋ ድረስ አካሉ በውስጡ ይቆያል። በአዲሱ ሥርዓት ውስጥ መሣሪያዎቹ ሁሉ ለአንድ ሰርቨር የሚታዘዙ መስተዋቶች በመሆናቸው የአንዱ መርሳት የሁሉም መርሳት ነው፤ በአንዱ ላይ የተሰረዘው ከሁሉም ላይ ይሰረዛል። ሰርቨሩ የሌላ ሰው ንብረት መሆኑም አይዘነጋም፤ ጉግል በ2023 ለሁለት ዓመት ያልተከፈቱ የግል አካውንቶችን ሊሰርዝ እንደሚችል ማስታወቁ ባለቤቱ በሕይወት የሌለ የፖስታ ሣጥን ምን ዕጣ እንደሚጠብቀው ያመለክታል። የቤቱ ኮምፒዩተር ግን ዳንቴሉን ለብሶ አልጋ ሥር ቢቀመጥ ባለቤቱ እንዲነካው የሚጠይቅ ደንብ የለበትም፤ የሚያሰጋው እርጥበትና የሃርድ ዲስኩ እርጅና ነው።

እንዲህ ያሉ ሁለት አሮጌ ዲስኮችን ያገኙ ቤተሰቦች በዘመኑ ያልተሳካውን ማመሳሰል ዛሬ መፈጸም ይችላሉ። እያንዳንዱ የተላከ ኢሜይል በራስጌው ላይ ዓለም አቀፍ መለያ ስለሚሸከም፣ የሁለቱን ማሽኖች ክምችት ወደ አንድ ቅርጽ ለውጦ በመለያቸው የሚደጋገሙትን የሚያስወግድ ፕሮግራም አራት የሆነውን የሠርግ ጥሪ ወደ አንድ ይመልሰዋል። በላቲን ፊደል የተጻፈው አማርኛ ወዲያው ይነበባል፤ በቪዥዋል ግዕዝ በጥንቃቄ የተተየበው፣ ምናልባትም ይበልጥ የተደከመበት ደብዳቤ ግን የፎንቱ የአሰላለፍ ሰንጠረዥ ተገኝቶ ወደ ዩኒኮድ እስኪለወጥ ድረስ መጠበቅ አለበት። ድግግሞሹ ሲወገድ ጎልቶ የሚታየው በአንዱ ማሽን ላይ ብቻ የነበረው ነው፤ ከላፕቶፑ በኩል ስውር ግልባጩ የተረሳባቸው መልሶች፣ ከቤቱ በኩል ደግሞ ረቂቆች። ረቂቆቹ ስላልተላኩ ብዙውን ጊዜ መለያ አልተሰጣቸውም፤ ፕሮግራሙ ሁለት ረቂቆች አንድ ይሁኑ ወይም የተለያዩ ማወቅ ስለማይችል እንዳሉ ይተዋቸዋል፤ «ውድ አባዬ» ብለው ጀምረው በተለያየ ቦታ ከሚያቆሙት ከሁለቱ የትኛው እንደሚቀር አንብቦ የሚወስነው የቤተሰቡ አባል ነው።